ፈታኝ የሌለበት ፈተና

ኢንዲያና ያለውን ቫልፓራይሶ ዩኒቨርሲቲ ሉተራውያን የገዙት በ1925 እ.ኤ.አ. ነው። ምህንድስና ልማር ስሄድ ጸሎት ቤት ግባ ያለኝ የለም። ተልእኳቸው የገባኝ በመጀመሪያው ፈተና ነው፤ መምህሩ ወረቀቱን አድለው ወጡ። እኛም እንዳልኮረጅን፣ እንዳላስኮረጅን፣ ሲኮረጅም አይተን ዝም እንዳላልን ጽፈን ፈረምን። «እነዚህ ሰዎች የዋህ ናቸው እንዴ?» አልኩ በሆዴ። ፈታኝ ቆሞ ሲጠብቀኝ መኮረጅ ብልጠት ይመስለኝ ነበር፤ ሲያምኑኝ ግን ሌብነት ሆነብኝ።

ባለፈው ዓመት የጻፍኩት ኮድ የደንበኞችን መረጃ አጠፋ። ከመጠባበቂያው መለስኩት፤ ማንም አላወቀም። ሌሊቱን ግን እንቅልፍ እምቢ አለኝ። ጠዋት ለአለቃዬ ነገርኩት። ተቆጣ፣ ያውም ክፉኛ። እኔ ግን ወረቀቴን ፈርሜ ያስረከብኩ ያህል ቀለለኝ።