የሙኒክ ዳር፣ የጀማ ማዶ

ትልቅ ከተማ የሚጎበኝ ሰው መጀመሪያ የሚሮጠው ወደ መሐል ነው። ሙኒክ የገባ እንደሆነ ማሪየንፕላትዝ ቆሞ ፎቶ ይነሳል፤ ኳስ ወዳድ ከሆነ የባየርን ማሊያ ይገዛል። ዕድሜው ጠና ያለ ሐበሻ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1972 ማሞ ወልዴና ምሩጽ ይፍጠር ነሐስ ያመጡበትን ስታዲየም ካላየሁ ይላል። ከዚያ "ሙኒክን አየኋት" ብሎ ይመለሳል።

የመርሐ ቤቴ ሰው እዚያ ቢደርስ ግን ጥያቄው ሌላ ነው፦ "ፋተርሽቴተን በየት በኩል ነው?"

ፋተርሽቴተን ከሙኒክ በስተምሥራቅ፣ በከተማ ባቡር የሚደረስባት፣ ከ20 ሺህ በላይ ሰው የሚኖርባት የዳር ከተማ ናት። ጠዋት ሠራተኛው ብስክሌቱን ባቡር ጣቢያው ላይ አስሮ ወደ ሙኒክ ይሄዳል፤ ማታ ፈትቶ ወደ ቤቱ። ለጎብኚ ይህ ነው የሚባል ነገር የላትም። ይሁንና እ.ኤ.አ. ከ1994 ጀምሮ የመርሐ ቤቴዋ የዓለም ከተማ እህት ከተማ ናት።

ዓለም ከተማም የመርሐ ቤቴ ዋና ከተማ ትሁን እንጂ የጎብኚ መንገድ አይነካትም። ላሊበላና ጎንደር የሚል በሌላ በኩል ያልፋል። እሷ ዘንድ ለመድረስ ከሙከጡሪ ተገንጥሎ፣ በለሚ አልፎ፣ የጀማን ሸለቆ ወርዶ መውጣት ነው። ቁልቁለቱ ላይ ተሳፋሪው ጋቢውን አውልቆ ጉልበቱ ላይ ያጥፋል። ወንዙ ዘንድ ሲደረስ፣ "ንፋስ መታኝ፣ መስኮቱን ዝጉ" የሚለው ሰው እንኳ ራሱ ይከፍታል። ማዶ አቀበቱ ሲጋመስ ጋቢው ተመልሶ ትከሻ ላይ ነው።

በዚህ መንገድ ከጀርመን የመጣ ብዙ ነው። መቀመጫውን ሙኒክ ያደረገው የካርልሃይንዝ በም ድርጅት፣ "ሰዎች ለሰዎች"፣ እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ መርሐ ቤቴ ገብቶ ሠርቷል። አዲስ አበባ ካርል አደባባይን የሰየመችው ለዚሁ ሰው ነው፤ አደባባዩም ያለው መሐል ፒያሳ ሳይሆን ወደ ዳር፣ በአየር ጤና በኩል ነው።

የእኛ ሰው ድሮም አገር የሚያየው ዘመድ ሊጠይቅ ሲሄድ ነው። ከመርሐ ቤቴ አዲስ አበባ የመጣ ገበሬ ፒያሳን በታክሲ መስኮት አይቶ የሚያድረው ኮተቤ ነው። ሐውልት የመጣውን ሁሉ እኩል ያስተናግዳል፤ "ዝናቡ እንዴት ከረመ? ከብቱስ ደህና ነው?" አይልም። ይህን የሚለው ዘመድ ነው፤ ዘመድ ደግሞ ብዙውን ጊዜ የሚኖረው ኪራይ በሚረክስበት ዳር ነው።

የጉብኝት መጽሐፍ ጸሐፊ ሁለቱን ከተሞች ቢዘላቸው አልፈርድበትም፤ እዚያ የሚጠይቀው ሰው የለውም። የዓለም ከተማን ሰው ግን "ሙኒክ የት ናት?" ብትሉት፣ "ፋተርሽቴተን አጠገብ ያለች ከተማ ናት" ሊላችሁ ይችላል።