ለአባቴ የተመረጡ የባሕር ዓሦች

በቤተ ሰብ መካከል ደስታን የሚያመጣ ነገር ሲያዩት ቀላል ይመስላል፤ ሲይዙት ግን ብርቱ ጥንቃቄን ይጠይቃል። እኔም በቃላሚኖ በሚገኘው ቤቴ የመስተዋት ገንዳ አቁሜ የጨው ውሃ ዓሣ ለማኖር በተነሣሁ ጊዜ ያገኘሁትን ትምህርት፥ የቤት አባትና የቤት እመቤት የሆናችሁ አንባቢዎች ትጠቀሙበት ዘንድ ባጭሩ እጽፋለሁ።

የነገሩ መነሻ አባቴ ናቸው። በጕልማሳነታቸው በምጽዋ ወደብ ሲሠሩ፥ ከጀልባ ላይ ጐንበስ ብለው በጠራው ውሃ ውስጥ ያዩትን ዓሣ ለልጆቻቸውና ለልጅ ልጆቻቸው ሲያወሩ ኖረዋል። በ1985 ዓ.ም. ኤርትራ ራሷን የቻለች አገር ሆነች፤ በ1990 ዓ.ም. ጦርነት ተነሥቶ መንገዱ ተዘጋ፤ በ2011 ዓ.ም. ለጥቂት ጊዜ በተከፈተ ጊዜም ሕመም ይዟቸው ስለ ነበረ አልሄዱም። አሁን ዕድሜያቸው ከሰማንያ አልፎ የዐይናቸው ብርሃን ከወር ወደ ወር እየቀነሰ በመሄዱ፥ አንድ ማታ «ያን ዓሣ ዳግመኛ ሳላይ ዐይኔ ሊጨልም ነው» ብለው ተናገሩ። የአሥራ አራት ዓመት ልጄ ይህን ሰምታ «አቦይ ወደ ባሕሩ መሄድ ካልቻሉ፥ ባሕሩን ወደ እርሳቸው እናምጣው» አለችኝ።

እኔም ነገሩን እጅግ አቅልዬ ገመትሁት፤ የመቀሌ ሰው ጨው አያጣምና። ከዳሎል አካባቢ ካለው የጨው ሜዳ ተቈርጦ በግመል በበራሕሌ በኩል የሚመጣው አሞሌ፥ ቀድሞ በአገራችን እንደ ገንዘብ ሆኖ ያገለገለ ነው። ይህንን በውሃ በጥብጬ ባሕር አደርገዋለሁ ብዬ አሰብሁ። ነገር ግን በአንድ ሊትር የባሕር ውሃ ውስጥ የሚገኘው 35 ግራም ያህል ጨው፥ ወጥ የምናጣፍጥበት ጨው ብቻ አይደለም፤ ማግኒዚየም፥ ካልሲየም፥ ፖታሲየምና ሌላም ማዕድን በልኩ የተቀላቀለበት ነው። ስለዚህ አሞሌውን ትተን፥ ለዚሁ ሥራ ተብሎ የተዘጋጀውን ጨው በተጣራ ውሃ በጥብጠን 200 ሊትር የሚይዘውን ገንዳ ሞላን።

ገንዳው እንደ ተሞላ ወዲያው ዓሣ አይገባበትም። ከዓሣው የሚወጣው አሞኒያ መርዝ ነው፤ ይህንን ወደ ናይትራይት፥ ቀጥሎም ጕዳቱ ወደሚያንሰው ናይትሬት የሚለውጡት በዐይን የማይታዩ ባክቴሪያዎች በድንጋዩና በአሸዋው ላይ እስኪበዙ ድረስ፥ ከአራት እስከ ስድስት ሳምንት መታገሥ ያስፈልጋል። ይህንን ታገሥን።

በምርጫው ላይ ግን ተሳሳትሁ። ልጄ የእያንዳንዱን ዓሣ ጠባይና ምግብ በደብተሯ ስትጽፍ፥ እኔ ሥዕሉን ብቻ አይቼ ማንዳሪን የሚባለውን መረጥሁ፤ ሰማያዊና ብርቱካናማ ቀለም እንደ ሐር ጥልፍ የተጠማዘዘበት፥ እጅግ ያማረ ነው። አንድ ወዳጃችን ከባሕር ማዶ ሲመለስ ኦክስጅን በተሞላ ከረጢት አድርጎ አመጣልን። አባቴም ወንበራቸውን ወደ ገንዳው አስጠግተው ቀኑን ሙሉ ይመለከቱት ጀመር። ይህ ዓሣ ግን በባሕር ድንጋይ ላይ የሚሳቡ ጥቃቅን ፍጥረቶችን ያለ ማቋረጥ እየለቀመ የሚኖር ስለሆነ፥ በአዲስ ገንዳ ውስጥ የሚበቃውን አያገኝም። የምንበትንለትንም ደረቅ ምግብ ዞር ብሎ አላየውም። ሆዱ እየከሳ ሄዶ በወሩ ሞተ። አባቴ አንድ ቃል አልተናገሩም፤ ወንበራቸውን ወደ መስኮቱ መለሱ እንጂ። ይህ ዝምታ ከተግሣጽ ይልቅ ከበደኝ።

ከዚህ በኋላ ምርጫውን ለልጄ ተውሁላት። እርስዋም ስለ ማናቸውም ዓሣ ሦስት ጥያቄ ትጠይቅ ነበር፤ ይኸውም ምን ያህል ያድጋል፥ ምን ይበላል፥ ከማን ጋራ ይስማማል የሚል ነው። ሶሃል የሚባለው የቀይ ባሕር ዓሣ መልከ መልካም ነው፤ ነገር ግን እስከ 40 ሴንቲሜትር ያድጋል፥ ጎረቤቱንም ያሳድዳል። ከቢራቢሮ ዓሦች ብዙዎቹ ምግባቸው ሕያው መርጃን ነው። አንበሳ ዓሣ የተባለው እሾሁ መርዝ አለው፥ ታናናሾቹንም ይውጣል። ስለዚህ እነዚህን ሁሉ ትታ፥ ክላውን ከሚባለው ዓሣ ሁለት፥ ግማሹ ሐምራዊ ግማሹ ቢጫ ከሆነው ሮያል ግራማ ደግሞ አንድ መረጠች። ክላውኖቹ በሰው እጅ የተፈለፈሉ በመሆናቸው የሚሰጣቸውን ምግብ ለምደዋል፤ በተፈጥሯቸውም ሁሉ ወንድ ሆነው ተወልደው፥ ከጥንዱ ታላቂቱ ወደ ሴትነት የምትለወጥ፥ በሰላም የሚኖሩ ናቸው።

ስለ ምን ሦስት ብቻ ሆኑ የሚል ቢኖር፥ ከተማችን ከባሕር ወለል በላይ ከ2,000 ሜትር ከፍ ባለ ስፍራ ስላለች አየሩ ስስ ነው፤ ውሃውም የሚይዘው ኦክስጅን ያነሰ ነው። ዓሣውን ማብዛት ማፈን ይሆናል። ደግሞም ከ2013 እስከ 2015 ዓ.ም. በነበረው ጦርነት መብራት ለብዙ ወራት ተቋርጦብን የኖርን ሰዎች፥ ሕይወት ያለውን ነገር በኤሌክትሪክ ላይ ብቻ ልናንጠለጥል አይገባንም ብለን፥ በባትሪ የሚሠራ አየር መንፊያ አስቀድመን ገዛን።

ዓሦቹ በመጡ ቀን ከረጢቱን በገንዳው ላይ አንሳፍፈን፥ ውሃውን ከውሃው ጋራ ቀስ በቀስ አለማምደን ለቀቅናቸው። ልጄ የአያቷን እጅ ይዛ አመጣቻቸው። እርሳቸውም ግንባራቸውን ወደ መስተዋቱ አስጠግተው ብዙ ጊዜ ዝም ብለው ቈዩና፥ «ያየሁት ይህ አይደለም፤ የዚያ ነጭ መቀነት ሁለት ነበረ፥ የዚህ ሦስት ነው» አሉ። እኔ ደነገጥሁ። ልጄ ግን ደብተሯን ገልጣ ሳቀች፤ የቀይ ባሕሩ ክላውን ባለ ሁለት መቀነት፥ የኢንዶኔዥያው ባለ ሦስት እንደ ሆነ ተጽፎ ነበርና። እኛ የፈራንለት ዐይን፥ ከእኔ ይልቅ አጥርቶ ቈጥሮ ነበር።

አባቴም «የዘመድ ልጅ ነው፤ ይኑር» ብለው ወንበራቸውን እንዲያመጡላቸው አዘዙ። ለቤታችሁ ዓሣ የምትመርጡ ሁሉ፥ መልኩን ከማየታችሁ በፊት ምን በልቶ እንደሚያድር ጠይቁ።