የአንድ ቀን ገበያ በማኩሃሪ

ከቶኪዮ በኬይዮ መስመር ባቡር ተሳፍሬ ካይሂን ማኩሃሪ ጣቢያ ስወርድ መንገድ መጠየቅ አላስፈለገኝም። ባዶ ሻንጣ የሚጎትተው ሕዝብ ሁሉ ወደ አንድ አቅጣጫ ይጎርፋል፤ ተከተልኩት። መድረሻችን ማኩሃሪ ሜሴ የሚባለው ግዙፍ የኤግዚቢሽን ማዕከል ነበር። ዎንደር ፌስቲቫል የተሰኘው የቅርጻ ቅርጽ ገበያ በዓመት ሁለቴ የሚቆመው እዚህ ነው።

የትልልቅ ኩባንያዎችን ባለመብራት ማሳያ ቶሎ አልፌ፣ ተራ ጠረጴዛዎች በረድፍ ወደተደረደሩበት ገባሁ። ልቤ የቀረው እዚያ ነው። በየጠረጴዛው ላይ ቀለም የተቀባ አንድ ናሙና ቆሟል፤ ከጎኑ በላስቲክ ከረጢት የታሸጉ ነጣ ያሉ እጆች፣ ጭንቅላቶች፣ ጅራቶች ተከምረዋል። ሸቀጡ ይኸው ነው። ገዢው ቤቱ ወስዶ ያጥባል፣ ይሞርዳል፣ ያጣብቃል፣ ቀለም ይቀባል።

ነገሩ የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ መጀመሪያ ነው። ፋብሪካዎች የማይሠሩላቸውን የፊልም ጭራቆችና የካርቱን ገጸ ባሕርያት የጃፓን ወጣቶች ቤታቸው ውስጥ ራሳቸው መቅረጽ ያዙ፤ ሥራቸውም ጋራዥ ኪት ተባለ። ገበያውን የመሠረተው ጄኔራል ፕሮዳክትስ የተባለ የኦሳካ ድርጅት ነበር። ከ1992 ወዲህ የሚመራው ካይዮዶ ነው፤ እሱም በ1964 እዚያው ኦሳካ በጠባብ የሞዴል መሸጫ ሱቅነት የጀመረ።

የፋብሪካ የብረት ፎርማ በሚሊዮን የሚቆጠር የን ያስወጣል፤ ወጪውን የሚመልሰው በሺህ የሚቆጠር ዕቃ ሲሸጥ ነው። ታዲያ የሚወደው ሰው ሃምሳ የማይሞላ ቅርጽ ምን ይሁን? መልሱን ያገኘሁት አንድ አዛውንት ጠረጴዛ ላይ ነው። በጃፓን ወንዞች ውስጥ የሚኖረውን፣ ከአንድ ሜትር በላይ ሊረዝም የሚችለውን ሳላማንደር ቀርጸዋል። ከሥራቸው አጠገብ የተቀደደ የሲሊኮን ፎርማ አስቀምጠዋል። አብሮኝ የነበረው ጃፓንኛ የሚያውቅ ጓደኛዬ እየተረጎመልኝ፣ እሳቸውም በስልካቸው ቪዲዮ እያሳዩኝ ሥራውን ከመጀመሪያው አስረዱኝ።

ዋናውን ቅርጽ በቅባት በተለወሰ ጭቃ እስከ ወገቡ ይቀብሩታል። ጭቃው ድኝ ካለበት አንዳንዱ ሲሊኮን ጭራሽ አይረጋም፤ ስለዚህ ጭቃውን መርጠው ነው የሚገዙት። ላዩን ትንንሽ ጉድጓዶች ይወጉታል፤ ሁለቱ የፎርማ ግማሾች ኋላ ሳይዛነፉ የሚገጥሙት በእነዚህ ነው። ዙሪያውን በልጆች መጫወቻ ጡብ ያጥሩና ሲሊኮኑን ከከፍታ፣ እንደ ማር በቀጭኑ ያወርዱታል፤ ቅጥነቱ አረፋውን ያጠፋዋል። አድሮ ሲረጋ ገልብጠው ጭቃውን ያነሳሉ። ሌላውን ግማሽ ከማፍሰሳቸው በፊት ማላቀቂያ ይቀባሉ። ከብዙ ነገር የማይጣበቀው ሲሊኮን ከራሱ ጋር ግን አይላቀቅምና።

ሁለቱም ግማሾች ረግተው ዋናው ቅርጽ ሲወጣ፣ በባዶው ቦታ የሚፈሰው ሬዚን የተባለ ፕላስቲክ ይመጣል። ሁለት ፈሳሾች ይቀላቀላሉ፤ ለማፍሰስ ያለው ጊዜ የጥቂት ደቂቃ ነው። ትነቱ ስለሚጎዳ ጭምብል አጥልቀው መስኮት ይከፍታሉ። ጥርት ያለው ፈሳሽ ይግልና እያዩት ነጭ ጠጣር ይሆናል። ይህን ክፍል ደጋግመው እንዲያሳዩኝ ለመንኳቸው፤ እሳቸውም ሳይሰለቹ አሳዩኝ።

ሙቀቱና ኬሚካሉ ግን ሲሊኮኑን ቀስ በቀስ ይበሉታል። መጀመሪያ የሚቀደደው ቀጭኑ ቦታ ነው፤ በእሳቸው ፎርማ የእንስሳው ጣቶች። ሠላሳ ያህል ቅጂ ከሰጣቸው ይበቃቸዋል። «ሲቀደድስ ምን ያደርጋሉ?» አልኳቸው። «ዋናው ቅርጽ አለኝ፤ አዲስ ፎርማ ማውጣት እችላለሁ። ያን ጊዜ ግን ሌላ እንስሳ ያምረኛል» ብለው ሳቁ።

የሀገራችን መስቀል ሠሪዎች ትዝ አሉኝ። ቅርጹን በሰም ያበጁና በጭቃ ይሸፍኑታል፤ ሰሙ ቀልጦ በወጣበት ናስ ያፈሳሉ፤ ከዚያ ጭቃው ይሰበራል። አንድ ፎርማ፣ አንድ መስቀል። ፋብሪካው ደግሞ ከአንድ ፎርማ አእላፍ ያወጣል። በአንድና በአእላፍ መካከል ሠላሳ የሚባል ቁጥር አለ፤ ሠላሳም ሙሉ ቁጥር መሆኑን ያሳየኝ ማኩሃሪ ነው።

ሕጉም የተሠራው በዚሁ ልክ ይመስላል። አዛውንቱ የሠሩት እንስሳ ስለሆነ ፈቃድ አያሻቸውም። የፊልም ወይም የካርቱን ገጸ ባሕርይ የሚቀርጽ አማተር ግን ናሙናውን አስቀድሞ ለባለመብቱ ያቀርባል፤ የሚፈቀድለትም ለአንድ ቀን፣ በዚያው አዳራሽ ውስጥ ብቻ እንዲሸጥ ነው። ፎርማው ሠላሳ ወልዶ የሚያረጅበትን ሰው የትኛው ኩባንያ ይፈራዋል?

ለመሄድ ያሰበ አንባቢ ጥሬ ገንዘብ ይያዝ፤ በማለዳም ይሰለፍ። ዓይኑ የገባውን ነገር «ዞሬ እመለሳለሁ» ብሎ አይለፍ፤ ሲመለስ የሚጠብቀው ባዶ ጠረጴዛ ሊሆን ይችላል። እኔ የሳላማንደሩን ከረጢት ቀድሜ ገዝቼ ነው ጥያቄዬን የጀመርኩት።