ሰባኪው አበዛው ወይ?

ከጓደኛዬ ጋር የተኳረፍነው በአንድ አሮጌ ፊልም የተነሣ ነው። እሱ ቲያትር የተማረ፣ መድረክም የሠራ ሰው ነው፤ እኔ የጋዜጠኝነት ዲፕሎማዬን ይዤ እዚህም እዚያም እየጻፍኩ የምኖር ነኝ። ፊልሙ ሪቻርድ ብሩክስ እ.ኤ.አ. በ1960 ያዘጋጀው «ኤልመር ጋንትሪ» ነው። በርት ላንካስተር ከነጋዴነት ወደ ስብከት የገባ፣ አፈ ጮሌ፣ ጠጪና ሴት አሳዳጅ ሰው ሆኖ ይጫወትበታል። ጓደኛዬ ግማሽ ሰዓት እንኳ ሳይታገሥ «ይኼማ ትወና አይደለም፣ ጩኸት ነው» ብሎ ተነሣ። ጥርሱን ያሳያል፣ ክንዱን ይወረውራል፣ ይዘላል፣ ያለቅሳል። «እንዲህ ያለ ሰባኪ የት አለ? ቢኖርስ ማን ያምነዋል?»

እኔ ግን አንድ አውቅ ነበር።

ታላቅ እህቴ እቴቴ ቤይሩት ስድስት ዓመት በሰው ቤት ሠርታ ስትመለስ የምትሳሳለት ነገር አንድ የወርቅ ሐብል ብቻ ነበር። ሌላው ገንዘብ በእናታችን ሕክምናና በእኔ ትምህርት አልቋል። አንድ እሑድ ታዲያ አንገቷ ባዶ ሆኖ ገባች። ሰባኪው «የምትሳሱለትን ስጡ» ሲል፣ ግራና ቀኝ የተቀመጡት እያነቡ ሲሰጡ፣ እሷም አውልቃ ሰጠች። እናታችን እዬዬ አለች። እኔ ደግሞ ማስታወሻ ደብተሬን ይዤ በሚቀጥለው እሑድ አዳራሹ ውስጥ ተገኘሁ፤ ጉድ ላወጣ ነዋ!

ሰውየው በሹክሹክታ ጀመረ። ቀስ በቀስ ድምፁ ከፍ አለ፤ ኪቦርድ የሚጫወተው ልጅ እግር በእግር ተከተለው። ነጭ መሐረቡን አውጥቶ ላቡን ጠረገ። ስለ ሟች እናቱ ሲያነሣ እንባው ወረደ። በሳምንቱም ሄድኩ፤ እንባው እዚያው ቦታ ላይ ወረደ። ደብተሬ ላይ «ተዋናይ» ብዬ ጻፍኩና ሁለት ጊዜ አሰመርኩበት። ለእቴቴ ባሳያት ሁለት ሳምንት አላናገረችኝም። ጽሑፉንም ሳልጽፈው ቀረሁ።

ስለዚህ የጓደኛዬን ጥያቄ በዋዛ ላልፈው አልቻልኩም። መጀመሪያ «የት አለ?» ላለው መልስ ይኖራል። ፊልሙ የተወሰደው ሲንክሌር ሉዊስ እ.ኤ.አ. በ1927 ካሳተመው ልብ ወለድ ነው። ሉዊስ መጽሐፉን ከመጻፉ በፊት ካንሳስ ሲቲ ሄዶ ከሰባኪዎች ጋር ሰንብቷል፣ አስተውሏል፣ ተከራክሯል። በዚያ ዘመን የአሜሪካ ድንኳኖችና አዳራሾች ውስጥ የነበሩት ሰዎች ደግሞ ላንካስተርን ጭምት የሚያስመስሉ ነበሩ። ቢሊ ሰንዴይ የሚባለው የቀድሞ ቤዝቦል ተጫዋች መድረክ ላይ እንደ ሜዳው እየተንሸራተተ፣ ወንበር እየሰባበረ ይሰብክ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1923 ሎስ አንጀለስ ውስጥ ትልቅ ቤተ ጸሎት የከፈተችው ኤሚ ሴምፕል ማክፈርሰን የትራፊክ ፖሊስ ልብስ ለብሳ፣ ሞተር ብስክሌት መድረክ ላይ አቁማ ኃጢአተኛን «ቁም!» ብላለች። በፊልሙ ጂን ሲመንስ የምትጫወታት እህት ሻረን ከእሷ ብዙ የተዋሰች ናት። እንግዲህ በመጠን ከሆነ ላንካስተር አላበዛም፤ እንዲያውም ቀንሷል።

ይሁንና የእውነተኞቹ ሰባኪዎች መዝለል የተዋናዩን መዝለል እውነት አያደርገውም። በሠርግ ላይ የሰከረ ሰው አይቻለሁ ብሎ ስካርን አበላሽቶ የሚጫወት ተዋናይ ስንት አለ! እኔ ያመንኩት በሌላ ነገር ነው።

ፊልሙ ሲጀምር ጋንትሪ በገና ዋዜማ መጠጥ ቤት ውስጥ ብልግና ቀልድ ሲያወራ እናገኘዋለን። ለድሆች ምጽዋት የሚሰበስቡ ሴቶች ሲገቡ ሰካራሞቹ ያፌዙባቸዋል። እሱ ብድግ ይልና ለቀልድ ይሁን ለቁም ነገር ሳይለይ መስበክ ይጀምራል፤ ገንዘቡንም ከእነዚያው ሰካራሞች ኪስ ያወጣል። እዚህ ላይ ሌላ ተዋናይ ቢሆን ለእኛ ለተመልካቾች አንድ ጊዜ ይጠቅሰናል፤ «እንዴት እንደማታልላቸው እዩልኝ» ይለናል። ላንካስተር ግን አይጠቅሰንም። ያን ጊዜ፣ ያን ቃል ሲናገር፣ ከልቡ ነው። ቀጥሎ ደግሞ ማደሪያ አጥቶ የጥቁሮች ቤተ ክርስቲያን ሲገባ ምእመናኑ ዞር ብለው ያዩታል፤ እሱ አብሯቸው መዘመር ይጀምራል። እዚያ የሚሸጠው ዕቃ የለም፤ የሚያታልለውም ሰው የለም። ድምፁ ግን ያው መጠጥ ቤት የሰማነው ድምፅ ነው። ለእኔ የፊልሙ ቁልፍ ይኼ ነው።

ላንካስተር በወጣትነቱ የሰርከስ አክሮባት ነበር። አካሉን ሰው ፊት መወርወር የዕለት እንጀራው ነበር ማለት ነው። ራሱም ስለዚህ ሚና ሲናገር ብዙ ትወና እንዳላስፈለገውና ሰውየው እሱው ራሱ እንደሆነ ገልጿል። ለዚሁ ሥራው የዓመቱን ምርጥ ተዋናይ ኦስካር ወስዷል። ጓደኛዬ ግን ኦስካር ቢያዩለት የሚራራ ሰው አይደለም። በአንድ ነገር እኔም እስማማለታለሁ፤ ሳቁ ይበዛል። ከሻረን ጋር ለብቻቸው ሲሆኑ እንኳ አዳራሽ የሞላ ሕዝብ ፊት ያለ ይመስል ያንኑ ሳቅ ይስቃል። ምናልባት እንዲህ ያለ ሰው ብቻውንም አይሆን ይሆናል፤ እኔን ግን አታክቶኛል።

ሮበርት ዱቫል እ.ኤ.አ. በ1997 ራሱ ጽፎ፣ በራሱ ገንዘብ ባዘጋጀው «ዘ አፖስትል» የሠራው ሰባኪ ከዚህ የሰከነ ነው፤ እውነተኛ ሰባኪዎችና ምእመናን አብረውት ስለተጫወቱም ትወናውን ከኑሮው መለየት ያቸግራል። ከሁሉም ያስደነገጠኝ ግን ልብ ወለድ ያልሆነው ነው። ማርጆ ጎርትነር በ4 ዓመቱ ሰባኪ ተብሎ ጋብቻ ያስፈጸመ ሕፃን ነበር። አድጎ እምነቱ ከጠፋበት በኋላም ሲሰብክ ኖረና እ.ኤ.አ. በ1972 በስሙ በወጣው ዘጋቢ ፊልም ሁሉንም ተናዘዘ። የመድረክ እንቅስቃሴውን ከሮክ ዘፋኞች እንደወሰደ ይናገራል፤ የሰበሰበውን ገንዘብ አልጋ ላይ ዘርግቶ ይቆጥራል። የሚሰሙት ሰዎች እንባ ግን የእውነት እንባ ነው። እሱን ካየሁ በኋላ «ተዋናይ» ብዬ ያሰመርኩባት ቃል ምንም እንዳልነገረችኝ ገባኝ። እኔ የጻፍኩት ስለ ሰውየው ነበር፤ ሐብሉን ያወለቀችው ግን እህቴ ናት።

በፋሲካ ሰሞን እቴቴ ቤት ሄጄ ላፕቶፔን ከፈትኩና «አንድ ሰባኪ ላሳይሽ» አልኳት። ነገር እንደያዝኩ ገብቷታል።

«እንግሊዝኛውን ማን ሊነግረኝ ነው?»

«እኔ እተረጉምልሻለሁ።»

ቡናዋን እየቆላች ማየት ጀመረች። የመጠጥ ቤቱ ላይ ሳቀች። መዝሙሩ ላይ ቁሌቱን ትታ ዝም አለች። ድንኳኑ ውስጥ ሲሰብክ እኔ ከሥር ከሥር እየተከተልኩ ስለ ኃጢአት ያለውን፣ ስለ ፍቅር ያለውን አስተረጉማለሁ። እሱ ሲፈጥን ፈጠንኩ። እሱ ሲጮህ ለካ እኔም ጮኬአለሁ፤ እጄም ተነሥቷል። የጎረቤት ልጅ በበሩ አንገቷን አስግጋ አየችን።

እቴቴ ማማሰያዋን እንደያዘች ቀና ብላ አየችኝ።

«አንተ ልጅ፣ በዚህ ነገር ታምናለህ?»

«አላምንም፤ ታውቂ የለ።»

«ታዲያ አሁን ዋሽተህ ነው?»

ፊልሙን አቆምኩት። ላንካስተር አፉን እንደከፈተ፣ ክንዱን እንደዘረጋ ቀረ። የምመልሰውን ሳስብ ቡናው ሊያርር ሆነና ወደ ምጣዱ ዞረች።

«ቀጥል እንጂ» አለችኝ፣ ጭሱን በእጇ እየመለሰች። «ምን አለ ከዚያ?»