ስለሚያፈስ ጣራ

በጅማና በዙሪያዋ ባሉት የቡና ከተሞች፥ በአጋሮም በሊሙ ገነትም፥ ሰማይ ለጋስ ነው። በጅማ በዓመት የሚወርደው ዝናብ 1,500 ሚሊ ሜትር ገደማ ይሆናል። ይህ ቁጥር በወረቀት ላይ ሲነበብ ቀላል ይመስላል፤ ነገር ግን አንድ ሚሊ ሜትር ዝናብ በአንድ ካሬ ሜትር ላይ ሲወርድ አንድ ሊትር ውሃ ነውና፥ መቶ ካሬ ሜትር ስፋት ያለው ጣራ በዓመት 150,000 ሊትር ውሃ ይቀበላል። ከዚህ ሁሉ ውሃ ጥቂቱ መንገዱን ስቶ ወደ ውስጥ ቢገባ ቤተ ሰቡ ሌሊቱን ሳፋ ሲያቀያይር ያድራል።

ዛሬ በከተማይቱ የሚበዛው ክዳን ቆርቆሮ ነው፤ ሆኖም አልፎ አልፎ ቀይ የሸክላ ክዳን ያለው አሮጌ ቤት ይገኛል። እንዲህ ያለው የጣራ ሸክላ አንዱ ከሌላው ጋር የሚጋጠምበት ፈር አለው፤ ይህንንም ብልሃት በፈረንሳይ አገር በአልዛስ ጊላርዶኒ የሚባሉ ወንድማማቾች በ1841 እ.ኤ.አ. በስማቸው አስመዝግበውታል። በአንድ ካሬ ሜትር 13 ያህል ሸክላ ይገባል፤ ክብደቱም ወደ 40 ኪሎ ይደርሳል። ስለዚህ ከበታቹ ያለው እንጨት ቢበሰብስ በሰው ላይ የሚወድቀው ቀላል ነገር አይደለም።

በጅማ የሚኖሩ አንድ ጡረተኛ መምህር ከአባታቸው የወረሱት ቤት በዚህ ዓይነት ሸክላ የተከደነ ነው። በታኅሣሥ ወር አንድ ሠራተኛ ቀጥረው፥ ከመኝታ ቤቱ በላይ የተሰበሩትን ሸክላዎች አስለወጡ፤ የበሰበሰውንም የወራጅ ጫፍ በአዲስ እንጨት አስቀጠሉ። ዋጋውንም ሳያጓድሉ ከፈሉ። በመጋቢት የመጀመሪያው ዝናብ በወረደ ጊዜ ግን፥ ልክ አዲሱ እንጨት ከተቀጠለበት ሥር ጠብታ ወረደ፤ ወርዶም የሟች ባለቤታቸው ልብስ የተቀመጠበትን ሣጥን አራሰ።

መምህሩ እጅግ ተቆጡ። በእድር ስብሰባ ላይ «ገንዘቤን በልቶ ጣራዬን እንደ ወንፊት ትቶልኝ ሄደ» ብለው በሰው ሁሉ ፊት ተናገሩ። ይህ ቃል ሠፈሩን ለመዞር ሦስት ቀን አልፈጀበትም። ለሠራተኛው ሥራ ሊሰጡ ቃል ገብተው የነበሩ ሦስት ቤቶች ሐሳባቸውን ለወጡ። እርሱም ሰምቶ ዝም አለ፤ የልጆች አባት ነበረ።

ከዚህ በኋላ ከአጋሮ አንድ አንጋፋ አናጢ ተጠሩ። እኒህ ሰው ዕድሜያቸውን በቡና መጋዘኖች ጣራ ሥር የፈጁ ናቸው። ደርቆ የተከማቸ ቡና የሚይዘው እርጥበት ከመቶ 12 እጅ ገደማ ነው፤ ከዚያ አልፎ ከራሰ ይሻግታልና፥ በቡና አገር የጣራ ነገር የዋዛ አይደለም። አናጢው ጠብታውን እንኳ ሳያዩ «መምህር፥ ከታኅሣሥ ወዲህ ጣራው ላይ ማን ወጥቷል?» ብለው ጠየቁ። መምህሩም «ከዚያ ሌባ በቀር ማንም» ሲሉ መለሱ።

ፀሐይ አናት ላይ በሆነች ጊዜ አናጢው ከኮርኒሱ በላይ ወዳለው ባዶ ስፍራ ገብተው መግቢያውን አስዘጉ፤ በጨለማ ውስጥ የሸክላ ስንጥቅ በብርሃን ይታወቃልና። ቀጥሎም በእጅ ባትሪ ወራጆቹን አንድ በአንድ ተመለከቱ፤ ውሃ ያለፈበት እንጨት ጥቁር መሥመር ይይዛል። በቢላዋ ጫፍም ወጋ ወጋ አደረጉ፤ ቢላዋው ሳይቸገር የሚገባበት እንጨት ወይ በስብሷል ወይ ምስጥ በልቶታል። ከውጭም ሆነው የጣራው አናት እንዳልጎበጠ፥ አሸንዳው በቅጠል እንዳልተዘጋ አዩ። በመጨረሻም በመሰላል ወጥተው፥ ሴቶች በገበያ እንስራ ሲገዙ እንደሚያደርጉት፥ ሸክላዎቹን በጣታቸው ይቆረቁሩ ጀመር። ደኅናው ጥርት ብሎ ይጮኻል፤ የተሰነጠቀው ድምፁ የታፈነ ነው።

ጥቁሩ መሥመር ከአዲሱ እንጨት ተነሥቶ ወደ ላይ ይሄድ ነበር። ሦስት ሜትር ያህል ቢከተሉት፥ ከጣራው አናት አጠገብ፥ ከቴሌቪዥን ዲሹ እግር ሥር፥ ሁለት ሸክላዎች ከመካከላቸው ተሰንጥቀው ተገኙ። ነገሩን ለማረጋገጥም ከታች ጀምረው ወደ ላይ በየተራው ውሃ አፈሰሱ፤ መምህሩ ከውስጥ ሆነው ይመለከቱ ነበር። ውሃው ሠራተኛው በለወጣቸው ሸክላዎች ላይ ሲፈስ አንዲት ጠብታ አልገባችም። ከዲሹ ሥር ሲፈስ ግን በወራጁ ጎን ተንሸራትቶ ወረደና፥ አሮጌውና አዲሱ እንጨት ከተጋጠሙበት ሲደርስ መንገዱ ተቋርጦበት ተንጠባጠበ።

«ሸክላ ሲረገጥ» አሉ አናጢው ከላይ ሆነው፥ «ታችኛው ጫፉ ነው እንጂ መካከሉ አይረገጥም። ጫፉ ከበታቹ ማገር አለለት፤ መካከሉ ግን ባዶ ነው። ይህን የረገጠው ሰው አላወቀም።»

መምህሩ በጨለማው ውስጥ ብዙ ጊዜ ዝም አሉ። በጥር ወር ዲሹ ምስል አላሳይ ቢል፥ ለባለሙያ መክፈል ሰስተው በገዛ እግራቸው የወጡት እርሳቸው ነበሩ።

ጠብታ የሚወድቅበት ስፍራ ሁልጊዜ ውሃው የገባበት ስፍራ አይደለም። የተቆጣ ሰው ግን ጠብታውን ካየበት ሳይንቀሳቀስ፥ ቅርብ ያገኘውን ይከስሳል። «የቸኮለ አፍሶ ለቀመ» የሚለውን ተረት መምህሩ ለብዙ ዓመት ለተማሪዎቻቸው ሲያስተምሩ ኖረዋል።

ሁለቱ ሸክላዎች በግማሽ ቀን ተለወጡ። በሚቀጥለው የእድር ስብሰባ መምህሩ ተነሥተው የሠራተኛውን ስም ጠሩና «በደሉ የእኔ ነው፤ ጣራውን የሰበርሁት እኔ ነኝ» አሉ። ከሦስቱ ቤቶች ሁለቱ ሠራተኛውን መልሰው ጠሩት፤ ሦስተኛው ሌላ ሰው ቀጥሮ ኖሮ፥ ያ ሥራ እንደ ጠፋ ቀረ። መምህሩ ስለዚህ ካሣ ቢልኩለት «ያልሠራሁበትን አልቀበልም» ብሎ መለሰው።

እንግዲህ በየዓመቱ በየካቲት፥ ዝናቡ ሳይበረታ፥ ጣራውን እንዲመረምርላቸው ይጠሩታል፤ እርሱም ይመጣል። መምህሩ መሰላሉን ይይዛሉ፤ እርሱ ሸክላውን አንድ በአንድ እየቆረቆረ ይሄዳል፤ ሁለቱም ድምፁን ያዳምጣሉ።