ርኃብና መለኪያው

በአማርኛችን ሥራ ሊፈልግ የሄደ ሰው «እንጀራ ፍለጋ ወጣ» ይባላል፤ ከሥራው ያስወጡትም እንደ ሆነ «እንጀራውን ዘጉበት» እንላለን። እኛም ተማሪዎች ስለ «ዕውቀት ርኃብ» እንናገራለን፤ ይህን ሰምቶ ግን ምሳ የሚያቀርብልን የለም። ስለ ግዞት ሠፈር የተጻፉትን የሩሲያ ልብ ወለዶች እየተቀባበልን ስናነብ ይህ የለመድነው አነጋገር ተገልብጦ አገኘነው። በዚያ ዳቦ ኑሮን አይወክልም፤ ኑሮ ራሱ ዳቦ ሆኗልና።

አሌክሳንድር ሶልዠኒትሲን እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ከ1945 እስከ 1953 ታስሮ ነበር። በ1962 «የኢቫን ዴኒሶቪች አንድ ቀን» የተባለውን ድርሰቱን በኖቪ ሚር መጽሔት አሳተመ። በዚህ መጽሐፍ እስረኛው ሹሖቭ ከጠዋት ዳቦው ግማሹን በፍራሹ ውስጥ ሰፍቶ ይደብቃል፤ ለማታ የሚያቆየው ሌላ ሀብት የለውምና። የምግቡም መጠን ለሥራ ቡድኑ በተመዘገበው መቶኛ የሚወሰን ስለ ሆነ፥ እስረኛን የሚገፋው እስረኛ ነው። ርኃብ በዚህ ስፍራ የያዘው እጅ የማይታይ አለንጋ ነው።

እርስ በርሳችን ያከራከረን ግን የግንቡ ነገር ነው። ሹሖቭ በዚያ ብርድ ብሎኬት ሲደረድር ሥራው ደስ ይለዋል። የተቦካው ስሚንቶ እንዳይባክን ይጣደፋል፤ የመመለሻው ሰዓት አልፎ ሳለም ዞሮ ግንቡ መቅናቱን በዓይኑ ይመረምራል። ከመካከላችን አንዳንዱ «ደራሲው የግዳጅ ሥራን አወደሰ» አለ፤ ሌላው ደግሞ «ይህስ ሰውነቱ አለመሞቱን ያሳያል» ሲል ተቃወመ።

ከ1937 ጀምሮ ከ10 ዓመት በላይ በኮሊማ የታሰረው ቫርላም ሻላሞቭ ክርክሩን አከበደብን። በአንድ አጭር ታሪኩ ውስጥ ዱጋዬቭ የሚባል የ23 ዓመት ወጣት ለብቻው ሥራ ተሰጥቶት ቀኑን ሙሉ ይቆፍራል። ማታ ለኪው መጥቶ 25 በመቶ ብቻ እንደ ሠራ ይነግረዋል። በማግሥቱ ሌሊት ወታደሮች ሊገድሉት ሲወስዱት፥ ያን የመጨረሻ ቀን በከንቱ መድከሙ ይቈጨዋል። በዚህ ታሪክ ሥራ ማንንም አያከብርም፤ የሚሰጠውም ደስታ የለም።

እንግዲህ ሁለቱ ደራሲዎች ይጋጫሉን? አይመስለንም። መጠየቅ ያለበት መለኪያው በማን እጅ እንደ ሆነ ነው። ዳቦውን የሚመዝነው ሌላ ነው፤ የዱጋዬቭንም ጉድጓድ የለካው ሌላ ነው። ሹሖቭ ግን ወደ ግንቡ በተመለከተባት በዚያች ቅጽበት ለኪው እርሱ ራሱ ነበረ። ግንቡ የሠፈሩ ነው፤ ዓይኑ ግን የራሱ ነው። ደስታውም ከዚህ የመጣ እንጂ የግዳጁን ሥራ የሚያጸድቅ አይደለም።

ስለዚህ በዚህ መጽሔት ግጥም የምትጽፉ ወንድሞችና እኅቶች ሆይ፥ ርኃብን ምሳሌ አድርጋችሁ ስትወስዱ አንድ ነገር እንለምናችኋለን። አስቀድማችሁ የተራበው ሰው የሚሰጠው ዳቦ ስንት ግራም እንደ ሆነ፥ የሚመዝንለትም ማን እንደ ሆነ ጠይቁ።