አያ ጅቦ በዓቢይ ጾም

ወንዙ ዳር ተከራይታችሁ የምትኖሩ ሠልጣኞች የምለውን ታውቁታላችሁ። ማታ አራት ሰዓት ሲሆን ጅብ ወንዝ ለወንዝ ሽቅብ ይወጣና ሥጋ ቤቶች የጣሉትን አጥንት ይለቅማል። ጧት አንዲት የጎድን አጥንት እንኳ አትገኝም። መጀመሪያ ሰሞን ድምፁን ስሰማ ደጅ መውጣት እየፈራሁ በባዶ ጀሪካን ስገላገል ከርሜአለሁ። በኋላ ግን ለመድኩት፤ እንዲያውም ሲዘገይ «ዛሬ ደግሞ ምን ነካው?» እላለሁ።

ነገር የተበላሸው በዓቢይ ጾም ነው። ሥጋ ቤቶቹ ተዘጉ። አንድ ሌሊት የአከራዬ አህያ ከአጥር ውጭ እንደታሰረች ተበላች። ውኃ እየጫነች ቤቱን ያቆመችው እርሷ ነበረች። የተረፈው ገመዷ ነው።

እትዬ ሦስት ቀን ዝም አሉ። በአራተኛው 200 ብር ሰጡኝና፣ «ልጄ፣ አንተ የተማርክ ነህ፤ የሚገድለውን መርዝ ለይተህ ግዛልኝ» አሉኝ።

እምቢ እንዴት ይባላል? ተቀበልኩ። መንገድ ላይ ግን እግሬ ከበደኝ። መርዝ የተቀባ ሥጋ ጅቡን ብቻ አይጠብቅም፤ የሰፈሩ ውሻም፣ ጥንብ አንሳም ይበላዋል። ባዶ እጄን ተመልሼ ላስረዳቸው ሞከርኩ። በሐረር የጀጎል ግንብ ለጅብ መግቢያ ቀዳዳ እንዳለው፣ ማታም ሥጋ የሚያጎርሱት ሰዎች እንዳሉ ነገርኳቸው።

«እንግዲያው ሐረር ይሂዳ!»

እ.ኤ.አ. በ2012 ስለታተመ ጥናትም አወራሁ። ተመራማሪዎች በሰሜን ኢትዮጵያ የጅብ ዓይነ ምድር እየለቀሙ ጠጉሩን ሲመረምሩ፣ ከጾም በፊት 15 በመቶ ያህል የነበረው የአህያ ጠጉር በ55ቱ የጾም ቀናት ወደ 33 በመቶ ከፍ ብሎ አገኙት። የሥጋ ቤት ትራፊ ሲያጣ ወደ አህያ ይዞራል ማለት ነው። «ስለዚህ እትዬ፣ ጾሙ ሲፈታ እርሱም ይተዋል» አልኩ፣ ክፍል ውስጥ የቆምኩ ይመስል።

«የእኔስ አህያ መቼ ፈስካ ታውቃለች?» አሉኝ።

መልስ አጣሁ። እስከ ዛሬም አላገኘሁለትም።

በማግሥቱ እንደገና ላኩኝ። ብሩን «ሱቁ ተዘግቷል» ብዬ መለስኩላቸው። ዋሸሁ፤ ሱቁ ክፍት ነበር። አሁን ቅዳሜና እሑድ ውኃ የማመላልሰው እኔ ነኝ (በሌላ ጀሪካን)። አጥሩንም አብረን በቅንጭብ ደፈንነው፤ ለየትኛዋ አህያ እንደሆነ እንጃ።

ከፋሲካ ወዲህ አጥንቱ እንደ ድሮው ጧት ጧት ይጠፋል። ትናንት ማታ ጮኾ ሲያልፍ እትዬ ከግድግዳው ማዶ፣

«አለፈ?» አሉኝ።

«አለፈ፣ እትዬ።»

ጥቂት ዝም ብለው፣ «ብሯን አስቀምጫታለሁ እኮ» አሉ።